«ነርስ ነኝ፣ ጀርመን ልሂድ ወይስ ልቅር?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠሪ ዲግሪ ነርስ ነሽ። ባልሽ መምህር ነው፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለቻችሁ። አንድ ኤጀንሲ «ጀርመን በነርስነት እንልክሻለን» ብሎ ብዙ ብር ጠይቋችኋል። ለዚያ ብላችሁ በማኅበር ያገኛችሁትን የቤት ቦታ ለመሸጥ እያሰባችሁ ነው። ባልሽ ሂጂ ይላል። እናትሽ ልጅሽን ጥለሽ የትም አትሄጂም ይላሉ። አንቺ ደግሞ «እዚያ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ» ብለሻል።

እኔም ነርስ ነኝ። ደሴ ተምሬ እዚያው ሠርቻለሁ፤ አሁን ፍራንክፈርት አጠገብ ባለች አነስተኛ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነኝ። ከኔ በፊት መልስ ከሰጡሽ ሰዎች ግማሾቹ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጪ!» ብለዋል፤ ግማሾቹ «ስደት መከራ ነው» ብለዋል። ስለ ሥራው የነገረሽ ግን የለም። አንቺ ደግሞ የምትሄጂው ለሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያስቸኩለውን ልበልሽ። ቦታውን አትሽጡ፤ ለኤጀንሲውም ሳንቲም አትክፈሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 55 አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በጀርመን ሕግ ደግሞ እንዲህ ካሉ አገሮች ለጤና ሥራ ሰው መመልመልና ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት የተፈቀደው ለጀርመን መንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። እናም የግል ድርጅት ነርስ መልምዬ እልካለሁ ብሎ ብር ሲጠይቅ፣ ገና ከመነሻው ሕግ ጥሷል ማለት ነው። አንቺ በራስሽ እንዳታመለክቺ ግን የሚከለክልሽ የለም። ለሆስፒታሉ ወይም ለአረጋውያን መንከባከቢያው ራስሽ ትጽፊያለሽ፣ በቪዲዮ ያነጋግሩሻል፣ ከተስማማችሁ ውል ይልካሉ። ወጪውም ቦታ የሚያሸጥ አይደለም። የቪዛው 75 ዩሮ ነው። አሠሪው ጉዳዩ እንዲፋጠን ካመለከተ ለዚያ 411 ዩሮ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ይህን አሠሪው ራሱ ይሸፍናል። የቋንቋ ትምህርትና ፈተና፣ የሰነድ ትርጉም አለ። እሱ ከደመወዝሽ ላይ ቀስ እያልሽ የምትከፍይው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። እኛ አገር ነርስ ምን እንደምትሠራ ታውቂዋለሽ። ላይን ትከፍቻለሽ (የደም ሥር ላይ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ ታስገቢያለሽ)፣ መድኃኒት ትሰጫለሽ፣ ቁስል ትጠርጊያለሽ፤ ሐኪም በሌለበት ሌሊት ብዙ ነገር በራስሽ ትወስኛለሽ። በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ግን አስታማሚው ነው። ጀርመን አስታማሚ የሚባል የለም። ዘመድ ከሰዓት በኋላ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። አስታማሚዋ አንቺ ነሽ።

የጠዋት ፈረቃ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትገቢያለሽ። ያደረችው ነርስ በፍጥነት እያወራች ታስረክብሻለች። ከዚያ ወደ ክፍሎቹ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው የ86 ዓመት እናት ተኝተዋል እንበል። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ሙቀቱ ተስማምቷቸው እንደሆነ ትጠይቂያቸዋለሽ። ፎጣውን እጃቸው ላይ ታደርጊላቸውና ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ። የሚችሉትን አንቺ ከሠራሽላቸው እንደ ስህተት ይቆጠርብሻል፤ ቤታቸው ሲመለሱ ማን ይሠራላቸዋል? ጀርባቸውን ታጥቢያለሽ። ተረከዛቸውና መቀመጫቸው ላይ መቅላት እንዳለ ታያለሽ። ዳይፐር ትቀይሪያለሽ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አጥበሽ ትመልሺላቸዋለሽ፣ ደግፈሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፣ ዳቦአቸውን ቅቤ ትቀቢላቸዋለሽ። ከዚያ የሚቀጥለው ክፍል፣ ከዚያ የሚቀጥለው። ያየሽውንና የሠራሽውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ታሰፍሪያለሽ። ያልተመዘገበ እንዳልተሠራ ነው።

ይህን የምነግርሽ ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም። እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ። በገዛ እጅሽ አጥበሽ ያነሣሽው ሰው በእግሩ ሄዶ ሲወጣ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ዓመታት የሠሩ ጎበዝ ነርሶች መጥተው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። «ለዚህ ነው እንዴ ዲግሪ የያዝኩት?» ይላሉ። ባሕር ዳር በአንድ ሙከራ የምትከፍችውን ላይን እዚህ ብዙ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ውስጥ የሚከፍተው ሐኪሙ ነው። አንቺ የምትችይውን ሌላ ሰው ሲሠራው ቆመሽ ታያለሽ። ባልሽንም እናትሽንም ሳይሆን ራስሽን የምትጠይቂው አንዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጎበዝ በሆንሽበት ሙያ ለሁለት ለሦስት ዓመት እንደገና ጀማሪ መሆን ትችያለሽ?

ጀማሪ የምልሽ በወረቀትም ጭምር ነው። ዲግሪሽ ጀርመን ሲደርስ ወዲያው ነርስ አያሰኝሽም። አነርከኑንግ የሚሉት ነገር አለ፤ ትምህርትሽን ከነሱ ጋር አስተያይተው እውቅና የሚሰጡበት አሠራር ነው። ከኛ አገር ለሚመጣ ብዙ ጊዜ «ይህ ይጎድልሻል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከዚያ ወይ ፈተና ትፈተኛለሽ፣ ወይ ለወራት ማሟያ ሥልጠና ትወስጃለሽ። እስከዚያ የምትሠሪው በረዳትነት ነው፤ የሚከፈልሽም እንደ ረዳት ነው። ለአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የወጣው ዝቅተኛ ክፍያ ለረዳት በሰዓት 16.10 ዩሮ፣ ለነርስ 20.50 ዩሮ ነው። ልዩነቱን አስቢው። ሥራ ላይ ሆነሽ ለፈተና ማጥናት ከባድ ነው፤ ግን ፈተናውን ያላለፈ ሰው እዚያው ረዳት ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቋንቋው ደግሞ አጥብቄ ነው የምነግርሽ። የቋንቋው ደረጃ ከዝቅተኛው ሲጀመር ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይወጣል፤ በነርስነት ለመመዝገብ የሚፈለገው ቢ2 ነው። ብዙ አሠሪ ገና ከመምጣትሽ በፊት ቢያንስ ቢ1 ይጠይቃል። አንዳንዱ «ኤ2 ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ትማሪያለሽ» ይልሻል። አትስሚው። ፈረቃ እየሠሩ ከኤ2 ተነሥቶ መማር ሰውን ይጨርሳል። ዋርድ ውስጥ ስልክ ሲጮህ የምታነሺው አንቺ ነሽ። ላቦራቶሪው የፖታስየም ውጤት በፍጥነት ይነግርሻል፤ አንዲት ቁጥር ብትስቺ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚያወሩት የየሰፈራቸውን ጀርመንኛ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የለም።

ለዚህ ነው አሁን አትወስኚ የምልሽ። ሥራሽን ሳትለቂ ጀርመንኛ ጀምሪ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የጎይቴ ተቋም ያስተምራል፣ ፈተናም ይሰጣል፤ በኢንተርኔትም መማር ይቻላል። ኔትወርኩ እንደልብ እንደማይሆንላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዱቲ (ከተረኝነት ሥራ) ተመልሰሽ፣ ልጅሽን አስተኝተሽ፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለመቀመጥ ከቻልሽ እዚህም ትችያለሽ። ቢ1ን አልፈሽ ዝግጁ ስትሆኚ አሠሪ ለማግኘት አትቸገሪም። ሞክረሽው ቋንቋው ካስጠላሽ፣ ገና ባሕር ዳር ሳለሽ ታውቂዋለሽ። ቦታችሁም አለ፣ ሥራሽም አለ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። እናትሽ ያሉትን ቀላል አድርገሽ አትዪው። ቤተሰብ ማምጣት ይቻላል። ግን በቂ ገቢ ይጠየቃል፤ ረዳት ሆነሽ ይህን ማሟላት ይከብዳል። ከዚያ የኤምባሲው ቀጠሮ አለ፤ የልደትና የጋብቻ ማስረጃችሁ የሚጣራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መለያየቱን በወራት ሳይሆን በዓመት አስቢው። በ4 ዓመቷ የተለየሻት ልጅ ስትመጣልሽ ምናልባት አንደኛ ክፍል የምትገባ ትሆናለች። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ልጇ የመጣላት ከተለያዩ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ልጁ ከአባቱ ጀርባ ተደበቀ። ለወራት ሲያመው የሚጠራው አያቱን ነበር። አሁን ደህና ናቸው፤ ልጁ ጀርመንኛውን ከእናቱ በላይ ይናገራል። ያ ጊዜ ግን ከባድ ነበር።

የስልኩንም ነገር አስቢበት። የከሰዓት ፈረቃ የሚያልቀው እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። በነሱ ክረምት ያኔ ባሕር ዳር 5 ሰዓት ይሆናል፤ ልጅሽ ተኝታለች። የጠዋት ፈረቃ ሲሆን ደግሞ እሷ ስትነሣ አንቺ ወደ ሥራ እየተጣደፍሽ ነው። የምታገኚያት በእረፍት ቀንሽና ከሰዓት በኋላ ነው። ከባልሽ ጋር ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ማን ያሳድራታል፣ ማን ትምህርት ቤት ይወስዳታል፣ እናትሽ ደክመው ቢታመሙስ?

ሁላችሁም አንድ ላይ ስትሆኑም ሌላ ጣጣ አለ። በሕጉ ልጅ ከ1 ዓመቱ ጀምሮ መዋያ የማግኘት መብት አለው፤ ቦታ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። አንቺ 12 ሰዓት ሥራ ስትገቢ መዋያው ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ባልሽ ያስፈልግሻል። ለሱ ደግሞ መምህርነቱ እዚህ ቶሎ አያሠራውም። የጀርመን ትምህርት ቤት ለማስተማር ከፍ ያለ ቋንቋና ብዙ ማሟያ ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጋዘን ወይም ኩሽና ሊሠራ ይችላል። ሂጂ ያለሽ ይህን አውቆ ከሆነ ጥሩ ነው። «ጋሼ» ሲባል የኖረ ሰው ግን ሳይዘጋጅበት ሲገጥመው ትዳር ይጎዳል፤ አይቻለሁ። እሱም ካሁኑ አብሮሽ ጀርመንኛ ይጀምር።

ገንዘቡን ባጭሩ ልንገርሽ። እውቅና ያላት ነርስ ወደ 3,300 ዩሮ ቢከፈላት፣ ግብር፣ ጡረታና የጤና መድን ተቆርጦ፣ ለብቻዋ ለምትኖር እጇ የሚገባው 2,200 ገደማ ነው። በረዳትነቱ ጊዜ 1,900 አካባቢ። ፍራንክፈርት አንድ ክፍል ቤት ከ700 ዩሮ በታች ካገኘሽ ደስ ይበልሽ፤ ትንንሽ ከተሞች ይሻላሉ። ለራዲዮና ቴሌቪዥን እንኳ ሳይቀር በወር 18.36 ዩሮ ይከፈላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዩሮን በብር እየመቱ ማሰብ ያጓጓል። ወጪሽም በዩሮ መሆኑን አትርሺ። ተጠንቅቆ ለሚኖር በወር ጥቂት መቶ ዩሮ ይተርፋል። ለቤተሰብሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ወዲያው ቤት የሚሠራ ግን አይደለም።

ጥሩውንም አልደብቅሽም። ዓመታዊ እረፍቱ ይከፈላል። ስትታመሚ ደመወዝሽ እስከ 6 ሳምንት አይቋረጥም። የሌሊትና የእሑድ ጭማሪው ሳትለምኚ ከደመወዝሽ ጋር ይገባል፤ የዱቲ ክፍያ ለወራት የዘገየበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምን እያሉ እንደጠየቁ አንቺም እዚያው ነበርሽ። የገናው ነገር ደግሞ ጥሩ ዘዴ አለው። በነሱ ገና እኔ እሠራለሁ ስትያቸው ደስ ይላቸዋል፣ በኛ ገና እነሱ ይሸፍኑልሻል። ፍራንክፈርት ቤተ ክርስቲያኑም፣ የጤፍ እንጀራውም አለ፤ ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ጨለማ ነው። በጨለማ ገብተሽ በጨለማ የምትወጪበት ቀን ይበዛል፤ ለዚያ ጓደኛ ያስፈልግሻል።

የባሕር ዳርን የጸጥታ ሁኔታ ከዚህ ሆኜ ልመዝንልሽ አልችልም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጃችሁን ማታ ስታስተኙ የምትፈሩት ነገር ካለ እኔ የጻፍኩትን ሁሉ ሊያስቀይር ይችላል፤ ያንን ማንም ሊፈርድባችሁ አይገባም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ የምትሄጂው ቢ1 ይዘሽ፣ በራስሽ ያገኘሽውን ውል ይዘሽ፣ ባልሽና እናትሽ ስለ ልጅቷ ተስማምተው ከሆነ ሂጂ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቆዪ። 31 ዓመትሽ ነው ብለሻል፤ ሁለት ዓመት ብትቆዪ የሚዘጋብሽ በር የለም። ውል ሲደርስሽ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ እዪ። አንዳንዱ ውል ውስጥ «ቀድመሽ ከለቀቅሽ ይህን ያህል ሺህ ዩሮ ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ ይገባል። እሱን ሳትረጂ እንዳትፈርሚ። በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ጀርመንኛውን አንብቤ ምን እንደሚል እነግርሻለሁ።