ያ ቁጥር የልጁ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ራዲዮግራፈር፣ ማለትም ራጅና ሲቲ ስካን የምታነሳ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ሲቲ አንስተን ስንጨርስ የሚመጣው የቁጥር ገጽ ለምንድን ነው? ልሰርዘው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓመታት አልፈዋል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ክረምት ነው። አንዲት እናት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ መጣች፤ ሆዱን ሲቲ እንዲነሳ ታዟል። ልጁ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጓል፤ ሌላውን እርጥቡን እናቱ ጨብጣዋለች። መብራት ሄዶ ስለነበር ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። ከልጁ በፊት የተነሱት ደልደል ያሉ ሰውዬ ነበሩ። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ለትንሽ ሰው ጨረሩን በራሱ አይቀንስም። እኔም ለእሳቸው የተሞላውን ፕሮቶኮል፣ ማለትም የማሽኑን የጨረር ልክ፣ ሳልቀይር ልጁን አነሳሁት። ምስሉ ቁልጭ አለ። ሐኪሙ አመሰገነኝ እንኳ።

«ዶክተር፣ ጨረሩ አይበዛበትም?» አለችኝ እናትየው።

«ኧረ እንደ ፎቶ ነው!»

ስክሪኑ ላይ የቁጥር ገጹ የጨረሩን መጠን 18 ሚሊግሬይ ይላል። ዲስክ ይሞላል ብዬ ገጹን ሰረዝኩት።

ያ ቁጥር ግን የልጁ አልነበረም። ማሽኑ የሆድ ሲቲ ላይ የሚጽፈው፣ 32 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ድብልብል ፕላስቲክ ቢነሳ የሚቀበለውን ነው። የዚያ ልጅ ሆድ 17 ቢሞላ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 ባወጣው ሠንጠረዥ፣ ለእንዲህ ዓይነት ወርድ ቁጥሩ በሁለት ገደማ ይባዛል። 36 ማለት ነው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ፕሮቶኮል መቀየር ግን አውቅ ነበር።

በፊልም ዘመን ስህተት ራሱን ያጋልጥ ነበር። ጨረር ከበዛ ፊልሙ ይጠቁራል። ጨለማ ክፍል፣ ቀይ መብራት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፊክሰር የሚባል የፊልም ማጠቢያ... አለቃዬ የጠቆረ ፊልም ሲያዩ «ይኼ ከሰል ነው ራጅ?» ይሉኝ ነበር። እናንተ የዛሬ ራዲዮግራፈሮች፣ ዲጂታል ግን ይሸፍንላችኋል። ጨረር ሲበዛ ምስሉ ጭራሽ ያምራል። እናንተ ደግሞ የሚያምር ምስል ነፍሳችሁ ነው፤ ስልካችሁን አይቻለሁ።

ዛሬ ማሽኑ ገና ሳያነሳ የጨረሩን ግምት ያሳያል። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት እዩት። የልጅ ዕድሜ ብቻ አትጠይቁ፣ ወርዱንም ለኩ። ለእናት ግን ቁጥር አትንገሩ፣ ትደነግጣለች። ቆይ፣ ያቺ እናት እኮ ጠይቃኝ ነበር። ተዉት፣ ንገሯት።

ክሊኒኩ የነበረበት ሕንፃ ዛሬ የለም። ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ።

ለልጅቷ «አትሰርዢው» አልኳት። ለምን እንደሆነ ልነግራት ስል ስልኳ ጠራ።