ሉሉ ስድስት ስድስት ሲገናኝ ለምን አልዘጋ አለ?

እህቴ፣ ከልጅሽ ጋር በስትሮና በክር ሉል እየሠራችሁ፣ በየመገጣጠሚያው ስድስት ስድስት ስትሮ ብታስሩም ነገሩ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ አልዘጋ እንዳላችሁ ጽፈሻል። የእጃችሁ ጥፋት አይደለም። እኔም ለተማሪዎቼ ስሠራ እዚሁ ላይ ነው የቆምኩት።

እኩል ስትሮዎች ሦስት ሦስት ሆነው ሲታሰሩ እኩል ጎነ ሦስት ይሠራሉ፤ የእያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ስድስቱ ሲገናኙ 360 ሞላ፤ በቃ፣ ሜዳ ሆነ። እንዲጎብጥ ከፈለግሽ የሆነ ቦታ መጉደል አለበት።

በጣም የምወደው ነገር ጉድለቱ ስንት እንደሆነ መታወቁ ነው። እንደ ሉል ለተዘጋ ቅርጽ በሚሠራው በኦይለር ቀመር፣ ከመገጣጠሚያዎቹ ብዛት ጠርዞቹን (ስትሮዎቹን) ቀንሰሽ ገጾቹን (ጎነ ሦስቶቹን) ስትደምሪ 2 ይመጣል። እያንዳንዱ ጎነ ሦስት ሦስት ጠርዝ አለው፤ አንዱን ጠርዝ ደግሞ ሁለት ጎነ ሦስቶች ይጋሩታል። ከዚህ ተነስተሽ ብታሰዪው፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከስድስት የጎደለው ተደምሮ ልክ 12 ይሆናል። ባለ 4 ገጹን ውሰጂ፦ 4 መገጣጠሚያ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጎደለው፣ 12። ባለ 8 ገጹ፦ 6 መገጣጠሚያ፣ ሁለት ሁለት ጎደለው፣ አሁንም 12። የሆነ ቦታ ሰባት ካሰርሽ ደግሞ አንድ ስለተረፈ ሌላ ቦታ ይጎድላል።

ስለዚህ በአምስትና በስድስት ብቻ ከሠራችሁ፣ ሉሉ የቱንም ያህል ይተልቅ፣ ባለ አምስቶቹ (አምስት ስትሮ የሚገናኝባቸው መገጣጠሚያዎች) 12 ናቸው። የቆዳ ኳስ ላይ ያሉት 12 ጥቁር ጎነ አምስቶችም ከዚሁ ሂሳብ የመጡ ናቸው።

ቆጠራው ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ 120 ስትሮ እኩል ቆርጬ፣ 12ቱን አምስት፣ 30ዎቹን ስድስት አድርጌ አሰርኩ። ተዘጋ፤ ኳስ ግን አልሆነም። 20 ጠፍጣፋ ገጽ ያለው ነገር ወጣ። ባለ ስድስቱን መገጣጠሚያ በጣቴ ጫን ሳደርገው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለካ ባለ ስድስቶቹ ወደ ውጭ እንዲገፉ ርዝመቱ ሁለት ዓይነት መሆን ነበረበት። ለ20 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ 60 ስትሮ በ10.9፣ 60 ስትሮ በ12.4 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ከባለ አምስቱ የሚወጡት ሁሉ አጫጭሮቹ ናቸው። ይህን ሳስተካክል ያው መገጣጠሚያ በጣት ሲጫኑት አልሰረጉድ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። 12 ባለ አምስትና አንድ ብቻ ባለ ስድስት ያለው ሉል ቆጠራው ይፈቅደዋል። ሁለት ምሽት ታገልኩበት፣ እምቢ አለ። ኋላ ሳነብ እንደማይቻል በማስረጃ የተረጋገጠ ሆኖ አገኘሁት። ባለ ስድስቶቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ይቻላል።

ባለ 120 ስትሮውን ሉል ስትሠሩ ባለ አምስቶቹን በቀይ ክር እሰሯቸው። ከአንዱ ቀይ ወደ ቅርቡ ቀይ ስትሄዱ በመሃል አንድ ባለ ስድስት ብቻ ማግኘት አለባችሁ። ሁለት ካገኛችሁ እዚያ ጋ ፍቱት።