ካርቶኑ እርስዎ ጋ ነው፤ ቃሉ የማን ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ለ30 ዓመት ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ምሁር ነበሩ። ቤቱን ከተከፋፈልን በኋላ ማስታወሻዎቻቸው፣ ረቂቆቻቸውና ደራሲያን የጻፉላቸው ደብዳቤዎች በ11 ካርቶን እኔ ጋ ቀርተዋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ መዛግብቱ ጠይቆኛል፤ ልፈርም? ደብዳቤዎቹንም መርጬ በመጽሐፍ ላወጣ አስቤአለሁ።

መልስ፦ «ከተከፋፈልን» ብለዋል፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አልጻፉልኝም። ሌሎች ወራሾች አሉ ማለት ነው፤ በክፍፍሉ ጊዜ ወረቀቱን ያነሣ ሰው ያለም አይመስልም። ቅር አይበልዎትና፣ ማንም ስላልፈለገው እርስዎ ጋ የቀረ ንብረት የእርስዎ ብቻ አይሆንም። የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፣ የሁሉንም ወራሾች ስምምነት በጽሑፍ ይያዙ። በካርቶኖቹ ውስጥ የብራና መጽሐፍ ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት፤ የቅርስ ሕግ ይመለከተዋል።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ግን ሌላ ነው፤ እባክዎ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ወረቀቱና በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። ለአባትዎ የተላከ ደብዳቤ ወረቀቱ የአባትዎ ነበር፤ የድርሰት መብቱ ግን ከጸሐፊው አልወጣም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ድርሰቱን የማሳተምና የመሸጥ መብት፣ ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የአንድ ገጣሚ ደብዳቤ ቢያሳትሙ፣ ገጣሚው ራሱ ሞቶ እንኳ ልጆቹ ነገ ሊከሱዎት ይችላሉ። በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 በምስጢር የተጻፈለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ስለ ትዳር፣ ስለ ሕመም ወይም ስለ እስር የተጻፈ ደብዳቤ በዚያ ካርቶን እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እነዚያ ሰዎች የጻፉት ለአባትዎ እንጂ ለአንባቢ አልነበረም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ አባትዎ ለሌሎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ወረቀታቸው በሰው እጅ ቢሆንም መብቱ የእናንተ የወራሾች ነው። ለዩኒቨርሲቲው ወረቀቱን ስትሰጡ ይህን መብት አብራችሁ እንዳታስረክቡ ተጠንቀቁ። «ከነሙሉ መብቱ» የምትል አንዲት ሐረግ ብዙ ቤተሰብ ሳያስተውል ይፈርምባታል። ውሉ የወረቀቱን ባለቤትነት፣ የማሳተም መብቱን፣ የትኛው ፋይል ለስንት ዓመት ለአንባቢ ተዘግቶ እንደሚቆይ ለየብቻ ይጻፍ።

አሁን ካርቶን በካርቶን ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ማን ለማን፣ መቼ እንደጻፈ ይመዝግቡ። ዝርዝሩንና ረቂቅ ውሉን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያው የአንዱንም ደብዳቤ ፎቶ ለማንም አይላኩ። ለአሳታሚ የላኩት ካለ ደግሞ፣ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ይሁን።