«ሆዴ ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ?» ላለችው ልጅ

ሰላም እህቴ። የ7 ዓመት ልጄ «ውሃ ስጠጣ ሽንት፣ ምግብ ስበላ ካካ ይሆናል፤ ሆዴ ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ እንዴ?» አለችኝ፣ ምን ልበላት ላልሽው፣ ልጅትዋ ጎበዝ ናት። የአካባቢ ሳይንስ ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ሰሌዳ ላይ ከጨጓራ ወደ ፊኛ ቀጥታ መስመር አሰምር ነበር። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ኩላሊት ምን ይሠራል?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። አፈርኩ።

ሁለት ቧንቧ የለም። የበላነውም የጠጣነውም በአንድ መንገድ ነው የሚወርደው። አንጀት የሚጠቅመውንና ውሃውን መጥጦ ለደም ይሰጣል፣ ያልተፈጨው ቅሪት ካካ ሆኖ ይወጣል። ሽንት ግን ከደም ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ይቺን ከያዘች ሌላው ቀላል ነው።

ኩላሊትን ድሮ በሻይ ማጥለያ ነበር የማስረዳው፣ አሁን ትቼዋለሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አልጋ ላይ ዘርግፊው። ደብተሩን፣ እርሳሱን፣ ላጲሱን መልሳ ትክተት፤ የቀረውን የከረሜላ ልጣጭ ትጣል። ኩላሊት የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ፈሳሹን ከደም ያወጣና የሚፈለገውን መልሶ ይለቅማል። የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፣ ማለትም 9 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ጀሪካን አይጠፋም መቼም፣ ደርድሪና ጎኑ አንድ ሃይላንድ አስቀምጪላት።

ከሚጣለው ውስጥ ዋናው ዩሪያ ነው፤ ጉበት ከፕሮቲን ትራፊ ይሠራዋል። ገጠር ያደጉ ተማሪዎች «የማዳበሪያው?» ይሉኛል። አዎ፣ ያኛው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል እንጂ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። እንዴት እንደሚስቁ!

ለበዓል በግ ካረዳችሁ ደግሞ ኩላሊቱ መጥበሻ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንዱን አስቀሪላት። በቁመቱ ሰንጥቂው። የውጩና የውስጡ ቀለም ይለያያል፣ መሃሉ ላይ ሽንት የሚጠራቀምበት ነጣ ያለ ጎድጓዳ አለ፣ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ፊኛውንም አሳያት። እኛ ልጅ ሆነን አጥበን በአፋችን እየነፋን እንጫወትበት ነበር፣ የልደቱም ፊኛ ስሙን ከዚያ ያመጣው ይመስለኛል።

ሳንባም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ላብን ብዙ ሰው «ቆሻሻ ማስወገጃ» ይለዋል፤ ጨውና ትንሽ ዩሪያ አለበት፣ ዋና ሥራው ግን ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። እጇን 10 ደቂቃ ፌስታል ውስጥ ብታቆይ ጤዛውን ታየዋለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ሥር በልታ ሽንቷ ቢቀላ አትደንግጪ፤ ሁሉም ላይ ባይታይም ያጋጥማል። ሳትበላ ከቀላ ግን ሐኪም ይያት። የኔው ልጅ ላይ ሲታይ እኔ ነጠላዬን ፍለጋ ስራወጥ፣ እሱ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ቀይ ሥሩ በደሜ ዞሮ መጣ!» ይለኛል።