ባሕሩ ላይ ቁፋሮ ሊጀመር ነው ላልሽን እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከምትኖሩበት ዳርቻ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ የጋዝ ቁፋሮ ሊጀመር ነው ብለሻል። ባለቤትሽ ዓሣ አስጋሪ ነው። ወንድምሽ ሥራ እየፈለገ ነው። አንቺ ደግሞ ተበድረሽ የሚከራይ ቤት ለመሥራት አስበሻል። «የምር ሕይወታችን ይለወጣል ወይስ ወሬ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ይለወጣል። ግን ምን መቼ እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ጥቅሙ አጠገባችሁ አልፎ ይሄዳል። እኔ በአንድ የወደብ ከተማ፣ ለፕላትፎርሞች (ባሕር ላይ ለቆሙ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረኮች) ዕቃ በሚጫንበት ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ራሴ ፕላትፎርም ላይ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከወንድምሽ ልጀምር። ሰው «ነዳጅ ተገኘ» ሲባል ለሃምሳ ዓመት የሚቆይ ሥራ ይታየዋል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ የፍለጋ ቁፋሮ አለ። እሱ ጥቂት ወራት ነው፤ ሠራተኞቹም ከምትቆፍረው መርከብ ጋር መጥተው ከመርከቧ ጋር ይሄዳሉ። ቀጥሎ ግንባታ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚቀጠረው ያኔ ነው፤ መንገድ፣ ወደብ፣ ቧንቧ፣ ካምፕ ይሠራል። ግንባታው ሲያልቅ በሺዎች የነበረው ሠራተኛ ወደ መቶዎች ይወርዳል። ትልልቁ ብረታ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌላ አገር ነው። የጋና ጁቢሊ የነዳጅ መስክ በ2007 ተገኝቶ በ2010 ማምረት ሲጀምር፣ ነዳጁን የምትቀበለው ተንሳፋፊ መርከብ ተሠርታ የመጣችው ከሲንጋፖር ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አይጠብቅ። ብየዳ፣ የክሬን ዕቃ ማሰር፣ ስካፎልዲንግ (ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለመሥራት መወጣጫ መትከል)፣ ኤሌክትሪክ፣ ከእነዚህ አንዱን ተምሮ እውቅና ያለው ሰርተፍኬት ይያዝ። እኛ ጋ ልጆቹ ጉልበት ነበራቸው፣ ጭንቅላት ነበራቸው፣ ወረቀት ግን አልነበራቸውም። ሥልጠና ሲጀምሩ ግንባታው ተጋመሰ። ጨርሰው ሲመጡ ቅጥሩ ተዘግቶ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ግንባታ ካለፈ በኋላ የሚቆየው ጥገና፣ የምግብ ዝግጅት፣ ልብስ ማጠብ፣ ትራንስፖርትና ቆሻሻ ማስወገድ ነው። ለአካባቢ ሰው ረጅሙ እንጀራ እሱ ጋ ነው።

ወደ ቤቱ ልምጣ። ወሬው እንደተሰማ ኪራይ ጣሪያ ይነካል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኩባንያው ለሠራተኞቹ የሚከፍለውን ኪራይ አስተማሪና ነርስ ሊከፍሉ አይችሉም። ጎረቤቶቼ የነበሩ ሁለት መምህራን በአንድ ዓመት ውስጥ ከተማውን ለቀው ሄዱ፤ ልጆቻችንን የሚያስተምር ሰው አጣን። ለአከራዮች ግን ጥሩ ጊዜ ነበር። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በጥር 2016 ከ30 ዶላር በታች ገባ። እኔ የምሠራለት ኮንትራክተር በ2015 አንድ ጠዋት የስም ዝርዝር በሩ ላይ ለጠፈ። ስሜ ነበረበት። ቀድሞ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ከቤቴ ፊት ለፊት ተበድራ ሦስት ፎቅ የሠራች ሴት ሁለት ፎቁ ባዶ ቀረባት፤ ባንኩ ግን ወር ጠብቆ ይጠይቃል። ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን የምትባለው የነዳጅ ከተማም በዚያን ጊዜ የቤት ዋጋዋ ወርዷል። ከተማው በአንድ ሸቀጥ ዋጋ ሲተዳደር ይህ ይመጣል።

ከተበደርሽ በወሬው ዘመን ኪራይ አታስቢ። ነርስና አስተማሪ በሚከፍሉት ኪራይ ዕዳው መከፈል ከቻለ ሥሪ። ካልቻለ ተዪው፤ ወይ ትንሽ አድርገሽ ጀምሪ።

አሁን ባለቤትሽ። ከሁሉም በላይ የማስበው ለእሱ ነው። በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ መሠረት በአንድ ፕላትፎርም ዙሪያ እስከ 500 ሜትር ድረስ የደህንነት ክልል ይደረጋል። ሲሰሙት ትንሽ ነው። ግን መርከቦች የሚመላለሱበት መስመር አለ። ባሕር ሥር የሚዘረጋ ቧንቧ አለ። ከቁፋሮ በፊት በድምፅ ሞገድ የሚደረግ ጥናት አለ፤ በጥናቱ ሰሞን ጀልባ ከአካባቢው ይባረራል። ሲደማመር የሚቀረው ውኃ ያንሳል። ሌላም አለ። ፕላትፎርም ሌሊቱን በሙሉ ያበራል፣ ብርሃኑ ዓሣ ይሰበስባል። ዓሣው ክልሉ ውስጥ ይገባል፣ አስጋሪው ጠርዙ ላይ ይቆማል። ጋና ውስጥ በምዕራቡ ዳርቻ ያሉ አስጋሪዎች ይህንኑ አቤቱታ ለዓመታት አሰምተዋል።

መረብ በመርከብ ሲቀደድ ካሳ ይጠየቃል። እኔ የመጋዘን ሰው ስለነበርኩ ቅሬታ ይዘው የሚመጡ አስጋሪዎች የሚያልፉት በእኔ በር ነበር። ሁልጊዜ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ በፊት ምን ያህል ታሰግር ነበር?» መልሱን ሁሉም በልቡ ያውቀዋል፣ በወረቀት የያዘው ግን የለም። እያዘኑ ይመለሱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻ የአራት ዓመት ደብተር ይዘው መጡ። ቀን፣ ቦታ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ክብደት። በዚያ ሳምንት ካሳ ያገኙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ባለቤትሽ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይጻፍ። በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ቦታውን ይመዝግብ። ብቻውን ባይሆን ይሻላል፤ ማኅበር ካላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ደብተር ይያዙ። ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ የሚጀመር መዝገብ ጥቅሙ ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም የሚነጻጸርበት የቀድሞ ዘመን የለውም።

አደጋንም መናገር አለብኝ። ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ የተባለው ፕላትፎርም ሲቃጠል 167 ሰው ሞተ። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞቱ፣ ነዳጁ ለ87 ቀን ፈሰሰ። አሜሪካ በባሕረ ሰላጤው ከምታስተዳድረው ውኃ በአንድ ወቅት ከሲሶው በላይ ለዓሣ ማስገር ተዘግቶ ነበር። የናንተ ጋዝ ነው፤ ጋዝ እንደ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕሩን አያጠቁርም። ቢሆንም አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፍል ከአሁኑ ጠይቁ።

ስለ ቤተሰብ ብዙ አልልም። እኔ 28 ቀን ባሕር ላይ፣ 28 ቀን ቤት ነበርኩ። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት እንደ እንግዳ ታየኝ ነበር። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ግን ባለቤቴ ቤቱን ብቻዋን ነው የያዘችው፣ እኔ ስመለስ ደግሞ ሥርዓቷን አፈርሳለሁ። ወንድምሽ ትዳር ካለው ሁለቱም ከመጀመሪያው ይነጋገሩበት።

የመጨረሻው ነገር ድርድር ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉትን የሼትላንድ ደሴቶች ታሪክ ፈልጊ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ሲመጣባቸው ሕዝባቸው 17 ሺህ ገደማ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1974 ለራሱ የተለየ ሕግ በፓርላማ አስወጣ። ከባሕር የሚመጣው ነዳጅ የሚራገፍበት ተርሚናል የሚቆምበትን መሬትና ወደቡን የሚቆጣጠርበት ሥልጣን አገኘ፣ ከኩባንያዎቹም ለሚደርሰው መረበሽ ክፍያ ተደራደረ። ያ ገንዘብ ለአረጋውያን እንክብካቤና ለስፖርት ማዕከላት የሚውል ፈንድ ሆነ። የመጀመሪያው ነዳጅ የደረሰው በ1978 ነው። ዓመቶቹን እዪያቸው፤ የተደራደሩት ነዳጁ ሳይመጣ በፊት ነው። ኖርዌይም እንደ አገር የነዳጅ ገቢዋን የምታስቀምጥበትን ፈንድ በሕግ ያቋቋመችው በ1990 ነው፣ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባው ግን በ1996። ሕጉ ገንዘቡን ስድስት ዓመት ጠበቀው።

በተቃራኒው ሞዛምቢክን ተመልከቺ። በሰሜኑ ካቦ ዴልጋዶ የአስጋሪ ቤተሰቦች ለጋዝ ፋብሪካው ሲባል ከባሕሩ ርቀው እንዲሰፍሩ ተደረጉ። ቀድሞም ግጭት በነበረበት አካባቢ ፓልማ ከተማ በመጋቢት 2021 በታጣቂዎች ተጠቃች፣ ፕሮጀክቱም ለዓመታት ቆመ። የግጭቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በጋዝ ብቻ አላሳብብም። ግን ተስፋ ተሰጥቶት ምንም ያላየ ወጣት በበዛበት ቦታ ሰላም እንደሚከብድ እኔም በትንሹ አይቻለሁ።

የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናት ስብሰባ ሲጠራ አንድም ሰው አይቅር። ስንት የአካባቢ ሰው እንደሚቀጠር፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ ማን እንደሚያሠለጥን በጽሑፍ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይሰፍር የተነገረውን ሁሉ ከስብሰባው በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ባለቤትሽ ስለ ደብተሩ ጥያቄ ካለው እዚሁ ይጻፍልኝ። የሽማግሌውን ደብተር አሠራር ገልብጬ ይዤዋለሁ፣ እልክለታለሁ።