ሊጉ ተሰረዘ፤ ደመወዜስ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ተጫዋች ነበርኩ። ውሌ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚቆይ ሲሆን ደመወዜ በወር 50 ሺህ ብር ነው። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት በመጋቢት ከቆመ በኋላ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ አልተከፈለኝም፤ በድምሩ 360 ሺህ ብር ይቀረኛል። የቡድን መሪው በደወልኩ ቁጥር ‹በጀት ሲለቀቅ ይከፈልሃል› ይለኛል። ለፌዴሬሽኑም ደብዳቤ አስገብቻለሁ። አሁን ሌላ ክለብ ስለፈለገኝ መልቀቂያ እፈልጋለሁ። ክለቡ ሊጉ ስለተሰረዘ አልከፍልም ማለት ይችላል?»

መልስ፦ ይህን መልስ የምጽፍልዎ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀኑን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የውድድር ዘመኑ ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ መሰረዙ የእርስዎን የሥራ ውል አይሰርዝም። ክለቡ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ገጥሞኛል የሚል ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉን ለተወሰነ ጊዜ ለማገድ የሚያስችል መንገድ አስቀምጦለታል፤ ይኸውም እገዳውን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በጽሑፍ አሳውቆ ሲፈቀድለት ነው፣ እሱም ከ90 ቀን አያልፍም። ክለብዎ ይህን ስለማድረጉ የሚያውቁት ነገር አለ? በዚያው ወቅት አሠልጣኙ በቴሌግራም የቤት ውስጥ ልምምድ እየላከ፣ እናንተም ግቢ ውስጥ ስትሮጡ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ትልኩለት ከነበረ፣ ውሉ ታግዶ ነበር የሚለውን የክለቡን መከራከሪያ ክፉኛ ያዳክመዋል። ስለዚህ ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ አይውጡ፤ መልእክቶቹም ቀኑን እንደያዙ ይቀመጡ።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ጉዳይ ልሂድ። 50 ሺህ በ3 ሲባዛ 150 ሺህ ነው። እርስዎ ግን የሚጠይቁት 360 ሺህ ነው። የቀረው 210 ሺህ፣ ማለትም በየወሩ 70 ሺህ ብር፣ ከየት የመጣ ነው? በ2012 የውድድር ዘመን የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶ እንደነበር እናውቃለን፤ ጣሪያው ከወጣ በኋላ ከጣሪያው በላይ ያለውን ክፍያ ከዋናው ውል ውጭ የሚይዝ ሁለተኛ ወረቀት የሚባል ነገር እንደመጣም ከእርስዎ በፊት የመጡ ባለጉዳዮች አሳይተውኛል። ለጠበቃ የሚደበቅ ወረቀት ችሎት ላይ በተከሳሽ እጅ ሲወጣ ያስደነግጣልና፣ እባክዎ ለሚወክልዎ ጠበቃ ሁሉንም አስቀድመው ያሳዩት። የፈረመው ማነው? ማኅተም አለው? ወይስ በቃል ብቻ ነው? ከዚህ ገንዘብ ላይ የሥራ ግብር ተቆርጧል? እነዚህ ሳይመለሱ 360 ሺህ ብሎ ክስ ማቅረብ፣ ሊረጋገጥ የሚችለውን 150 ሺህ ጭምር ጥርጣሬ ውስጥ መክተት ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ያ የስልክ ተስፋ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ሰው በዚሁ መንገድ መብቱን ሲያጣ አየሁ! በአዋጁ መሠረት የደመወዝ ጥያቄ፣ ደመወዙ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ ስላለፈ መብቱ ይቀራል። የሚቆጠረውም ለእያንዳንዱ ወር ለየብቻ ነው። የሚያዝያ ደመወዝዎ መከፈል የነበረበት በሚያዝያ መጨረሻ ከሆነ፣ ጊዜው የሚያበቃው በዚህ በያዝነው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ የግንቦቱ በኅዳር፣ የሰኔው በታኅሣሥ ይከተላል። የቡድን መሪው «አይዞህ» ባለ ቁጥር እርስዎ ይረጋጋሉ፣ ቀኑ ግን ይሄዳል። እሱ በክፋት ላይሆን ይችላል፣ በጀቱም እውነት ሳይለቀቅ ቀርቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ክስ ሲመሠረት የክለቡ ጠበቃ የሚያነሣው የመጀመሪያ መቃወሚያ ይርጋ ነው፣ የቡድን መሪውም ያን ጊዜ ስልክ አያነሣም።

ይርጋው የሚቋረጠው ክስ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም ክለቡ ዕዳውን በግልጽ ሲያምን ነው። በስልክ የተነገረን እምነት ማን ያስረዳልዎታል? ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወሩንና መጠኑን ዘርዝረው ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስገቡ፣ ቅጂው ላይም የገቢ ቁጥር ያስመዝግቡ፤ ክለቡ «ዕዳው አለብን፣ በጀት እየጠበቅን ነው» የሚል ማኅተም ያለው መልስ ከሰጠዎ ያ ወረቀት ከመቶ ስልክ ይበልጣል። የእርስዎ ደብዳቤ ብቻውን ግን ይርጋ አያቋርጥም። ለፌዴሬሽኑ ያስገቡትም ቢሆን፣ ፌዴሬሽኑ በአዋጁ የተቋቋመ የሥራ ክርክር ሰሚ ስላልሆነ፣ ቀኑን ያቆምልኛል ብለው እንዳይተኙበት። ወደ ፊፋ እሄዳለሁ የሚሉም አሉ፤ ኢትዮጵያዊ ተጫዋችና ኢትዮጵያዊ ክለብ የተካሰሱበትን ጉዳይ ግን ፊፋ አይሰማም። በወረርሽኙ ጊዜ ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው ስለነበር ያ ጊዜ አይቆጠርም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ሌላ መከራከሪያ ለጠፋበት ሰው የሚሆን እንጂ ገና ሳምንታት ላሉት ሰው የሚመከር አይደለም።

መልቀቂያውን በተመለከተ፣ ሲሰጥዎ አብሮ የሚቀርብ «ከክለቡ ጋር ምንም ዓይነት የሒሳብ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቅጽ ይኖራል። ጠበቃ ሳያይልዎ አይፈርሙ። አዲሱ ክለብ ቢያስቸኩልዎም አይፈርሙ።

ዋናውን ውል፣ ያ ሁለተኛ ወረቀት ካለ እሱንም፣ ከመስከረም 2012 ጀምሮ ያለውን የባንክ መግለጫና ለፌዴሬሽኑ የገባውን ደብዳቤ ይዘው በዚህ ሳምንት ባሉበት ከተማ የሥራ ክርክር የሚይዝ ጠበቃ ያግኙ። ውሉ ላይ ያለው ማኅተም የክለቡ ነው ወይስ የከተማ አስተዳደሩ የሚለውንም አብሮ ያይልዎ፤ የሚከሰሰው ማን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ነውና። የሠራተኛ የሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ ስለሌለበት በዚያ ሰበብ አይዘግዩ።