የ6 ኢንች ፈተና ለ2 ኢንች ቧንቧ ይበቃል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ የእንፋሎት መስመር እየዘረጋን ነው። በያጃችን ከሦስት ወር በፊት በ6 ኢንች ስኬጁል 80 ቧንቧ (ስኬጁል የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው)፣ በ6ጂ (ቧንቧው አዘምሞ፣ ሳይዞር የሚበየድበት አቀማመጥ) ተፈትኖ አልፏል፤ ሩቱን (የመጀመሪያውን፣ የታችኛውን ንብርብር) በ6010፣ የቀረውን በ7018 ኤሌክትሮድ ነው የበየደው። ኢንስፔክተሩ ግን 2 ኢንቹን እንዳይነካ ከለከለው። 6ጂ ያለፈ ሁሉንም ይበይዳል ሲባል ነው የምናውቀው። ደግሞስ ፒ ኪው አሩ (የብየዳ አሠራሩ ተፈትኖ የተመዘገበበት ሰነድ) የተሠራው በ12 ሚሜ ፕሌት (ጠፍጣፋ ብረት) ነው፤ ለቧንቧ ይሆናል? (ፎርማን፣ አዳማ)

መልስ፦ ኢንስፔክተሩ ልክ ነው። 6ጂ የሚፈታው የአቀማመጥን ጥያቄ ብቻ ነው። በኤ.ኤስ.ኤም.ኢ. (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ሴክሽን 9፣ ማለትም በብየዳ ብቃት ደንቡ፣ ዲያሜትር የራሱ ገደብ አለው፤ ከ73 ሚሜ በላይ በሆነ የውጭ ዲያሜትር የተፈተነ በያጅ ከ73 ሚሜ በታች አይወርድም። የ6 ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትር 168.3 ሚሜ ነው፤ የ2 ኢንች 60.3 ሚሜ። ገደቡ በቂ ምክንያት አለው። በትንሽ ቧንቧ ዙሪያ የኤሌክትሮዱ ማዕዘን ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ሙቀቱም መሄጃ አጥቶ ይከማቻል። ትልቅ ቧንቧ የለመደ እጅ ሩቱን የሚበሳው እዚህ ላይ ነው።

ውፍረቱንም ያስሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የ6 ኢንቹ ግድግዳ 10.97 ሚሜ ቢሆንም ስሌቱ በድምሩ አይያዝም። 6010 ኤፍ 3፣ 7018 ደግሞ ኤፍ 4 ስለሆኑ (ኤፍ የኤሌክትሮድ ምድብ ቁጥር ነው) ለየብቻ ይቆጠራሉ፦ ሩቱ 3 ሚሜ ከሆነ በ6010 እስከ እጥፉ 6 ሚሜ፣ የቀረው 8 ሚሜ ከሆነ በ7018 እስከ 16 ሚሜ ይፈቀድለታል። «ገደብ የለውም» የሚባለው የአንዱ ውፍረት 13 ሚሜ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ በሦስት ንብርብር ሲሠራ ነው። የፈተናው ወረቀት ድምሩን ብቻ ይዞ ከሆነ በየኤሌክትሮዱ ተለይቶ ይጻፍ። ቁም ብየዳው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሠራቱም ይመዝገብ፤ ወደ ላይ የተፈተነ ሩቱን ወደ ታች መሥራት አይፈቀድለትም።

በ2 ኢንች ስኬጁል 160 (8.74 ሚሜ)፣ በ6ጂ እንደገና ይፈተን። ከ25 ሚሜ ዲያሜትር ጀምሮ ያለው ሁሉ ይከፈትለታል። በራዲዮግራፊ (በጨረር ምስል) ከታየ ቢያንስ 150 ሚሜ ብየዳ ይፈለጋል፤ የቧንቧው ዙሪያ 189 ሚሜ ገደማ ስለሆነ አንድ መጋጠሚያ ይበቃል። በማጠፍ ከሆነ ሁለት የሩትና ሁለት የፊት ናሙና ይወጣል፤ በታጠፈው ገጽ ላይ ከ3 ሚሜ የሚበልጥ ክፍት ጉድለት የታየበት ይወድቃል። ካለፈ በኋላ በየጊዜው የበየደበት ቀን ይመዝገብ፤ በዚያ የብየዳ ዘዴ ሳይሠራ 6 ወር ከሞላው ብቃቱ ይቋረጣል።

ፕሌቱ አያሳስብዎ። ለፒ ኪው አር ፕሌት ለቧንቧ ያገለግላል፣ ዲያሜትርም አይገድበውም። የሚገድበው የብረቱ ውፍረት ነው፤ 12 ሚሜ ፕሌት ከ5 እስከ 24 ሚሜ ይሸፍናል። መስመርዎ 2 ኢንች ስኬጁል 80 ከሆነ (5.54 ሚሜ) ይገባል። ስኬጁል 40 ከሆነ ግን ግድግዳው 3.91 ሚሜ ነውና በያጁ ቢያልፍም ደብሊው ፒ ኤሱ (በፒ ኪው አሩ ላይ የተመሠረተው የብየዳ አሠራር መመሪያ) አይሸፍነውም፤ በቀጭን ብረት ሌላ ፒ ኪው አር ማሠራት ግድ ነው።